ያልተቸነከረ ዋልታ

የከተማዋ የውሃ ፓምፖች ሲታመሙ የሚመጡት ወደ አንድ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የጥገና ቤት አለ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚመለከት ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቶርኖው ላይም ብየዳው ላይም አይደለም፤ በስተቀኝ ግድግዳ በተርታ የተመቱት መንጠቆዎች ላይ ነው። ከእያንዳንዱ መንጠቆ በላይ የአንድ ሠራተኛ ቅጽል ስም በጠመኔ ተጽፏል። ተጠግኖ የወጣ ዕቃ እየተንቀጠቀጠ ከተመለሰ፣ እስኪስተካከል ድረስ በጠጋኙ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። ዕቃው ግዙፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ብሎኑ ተፈትቶ በእሱ ፋንታ ይሰቀላል። ወጪ ወራጁ ሁሉ ያየዋል። ሌላ ወቀሳ አያስፈልግም።

ከዳር ባለው መንጠቆ ላይ ግን ዘወትር የሚንጠለጠለው ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው የ«ጸጥ አርጊው» ነው። የሚመለስባት ዕቃ ስለሌለ መንጠቆው ሥራ ከሚፈታ ብላ ጃንጥላዋን ትሰቅልበታለች። ለጉራ ነው የሚሏት አሉ። ለጉራም ነው።

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው አስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነው። የሚንዘፈዘፍ ሞተር የያዘ ሰው ሁሉ ገና ከበሩ «ኧረ ይሄን ነገር ጸጥ አርጊው!» እያለ ስለሚገባ፣ ጥሪው ስም ሆኖ ቀረ። ሥራዋ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ስል ብረቶች አሉ። የፓምፑን መንኮራኩር ከነዘንጉ እነሱ ላይ ታጋድመዋለች። ከባዱ ጎን ቀስ ብሎ ወደ ታች ይዞራል። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርግና በተቃራኒው ጎን ስቱኮ ትለጥፋለች፤ ታዞራለች፣ ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። መንኮራኩሩ በየትኛውም ጎኑ ቢተዉት ባለበት ቀጥ ሲል፣ የስቱኮውን ክብደት ያህል ብረት ከከባዱ ጎን በትራፓኖ ቦርቡራ ታወጣለች።

ዕቃው ረጅም ከሆነ ነገሩ በዚህ አያበቃም። አንዱ ጫፍ በላይ በኩል፣ ሌላው ጫፍ በታች በኩል ከብዶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስለሚካካሱ ዕቃው ቆሞ ሲያዩት እንከን የለውም፤ ሲዞር ግን ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበላል። ይሄኛውን በሽታ ጸጥ አርጊው የምትይዘው በመዳፏ ነው። ሁሉም ነገር ሲስተካከል ነጥብ መምቻዋን አንስታ ሦስት ነጥብ ትመታበታለች። ሦስት ነጥብ ያለው ዕቃ ጸጥ ብሏል ማለት ነው።

ደንበኛ ሁልጊዜ ይቸኩላል። «ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፣ ብቻ ቶሎ በይልኝ» ይላል። እሷ ይህቺን ዐረፍተ ነገር ስትሰማ ጆሮዋ ይዘጋል። ሆን ብላ አይደለም፤ ከልምድ ብዛት ራሱ ይዘጋል። ለብዙ ዓመት ጠቅሟታል። ጉድ ያደረጋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በገዛ ልጇ።

ልጇ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሳህኗን ገፋ አደረገችና «እማዬ፣ ኳስ ሥሪልኝ» አለች።

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለ አባቷ። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የሚነዳው ነገር ሲያጣ ወሬ መንዳት ጀምሯል።

«አባዬ ደግሞ! የምድር ኳስ ነው የምለው። ዘንግ የሌላት።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ባዶ ክፍል አለች። ልጅቷ ክፍሏን የሳይንስ ማሳያ ላድርጋት እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታለች። ዳይሬክተሯ በበኩሏ እግራቸው የተሰበረ አግዳሚ ወንበሮች ማስቀመጫ አጥታ ተቸግራለች። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰንብተው በመጨረሻ ተስማሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አርብ የወላጆች ኮሚቴ ይመጣል። ልጅቷ በሰሌዳ ሊታይ የማይችል አንድ ነገር በክፍሏ ውስጥ ታሳያቸዋለች። ካመኑበት ክፍሏ የእሷ ናት። ካላመኑበት ቅዳሜ ጠዋት ወንበሮቹ ይገባሉ፤ ወንበር አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያወጣው የለም።

«ምንድን ነው የምታሳዪያቸው?» አለች ጸጥ አርጊው።

«የምድር ዘንግ ከቦታው ፈቀቅ እንደሚል።»

«ማዘንበሏን ነው?» አለ አባት። «እሱንማ እኛም ተምረናል። ብርድና ሙቀት የሚያፈራርቀው።»

«እሱ ሌላ ነው አባዬ። እሱ ምድር ከነዘንጓ ማዘንበሏ ነው። እኔ የምለው ዘንጉ ራሱ ከምድር ገጽ ላይ ሲንሸራተት ነው። አሁን ሰሜን ዋልታ ሄደህ፣ ምድር የምትዞርበት ነጥብ ላይ ችካል ብትተክል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ነጥቡን ችካልህ ጋ አታገኘውም። ጥቂት ሜትር ሄዷል።»

«ዘንግ ቤቱ ውስጥ ከተጫወተ ኩሽኔታው አልቆለታል» አለች እናት።

«ምድር ኩሽኔታ የላትማ! ብረትም አልተሰካባትም። የሱቁ ሉል በደሉ ይሄ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ብረት ሰክተውበት ተማሪዬ ሁሉ ዋልታ የተቸነከረ ነገር ይመስለዋል።»

«እና በምን ላይ ትዞራለች?»

«በክብደቷ። ክብደቷ እንደተከፋፈለው ትዞራለች። ክብደቱ ቦታ ሲቀይር ዘንጉም አብሮት ይሄዳል።»

ጸጥ አርጊው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይህቺ ነገር ገባቻት። ዘንግ የማይሰካበት መንኮራኩር ቢኖር፣ መሃሉን የሚመርጠው ራሱ ነው እንጂ ቶርኖ ሠራተኛው አይደለም። ስንቱን ሲንዘፈዘፍ ይዛዋለች! መንዘፍዘፉ እኮ ሌላ ምንም አይደለም፤ ዕቃው ልዙርበት የሚለው መሃልና ሰው የሰካበት ዘንግ ስላልተስማሙ ነው።

ልጅቷ ሥራውን አስረዳች። ሁለት ግማሽ የአሉሚኒየም ኳሶች አሉ፤ የእናቷ የሥራ ባልደረባ ብልጭታ ይበይዳቸዋል። ምድር ወገቧ ላይ ሰፋ ስለምትል ኳሷም ከውስጥ ቀጭን ቀበቶ ይታሰርላታል። እናት ደግሞ ከሥሩ አየር የሚነፍስበት ጎድጓዳ መቀመጫ ትሠራለች፤ ኳሷ በአየር ላይ ተንሳፍፋ ማንም ሳይይዛት ትዞራለች። ሰሜን ዋልታው ላይ ቀይ ነጥብ ይቀባል።

«ከውስጥ ሁለት ቦታ ከባድ የእርሳስ ብረት ለጥፌባታለሁ» አለች። «ስለዚህ ስትዞር ትንሽ መንገዳገድ አለባት እሺ? ትንሽ ብትንገዳገድ…»

ጆሮ ተዘጋ።

«ተይው ለእኔ» አለች እናት፣ ልጇን እያየች፣ በሙሉ ልብ።

ብልጭታ በያጅ ነው፤ ከጸጥ አርጊው ጋር አንድ ቀን ተቀጥረው አብረው ያረጁ። ምላሱ ከብየዳው እሳት ይብሳል። ሁለቱን ግማሾች እንከን በሌለው መስመር በየደላትና እሷ ደግሞ መቀመጫውን ከነሐስ ቀርጻ የኮምፕረሰሩን ቱቦ ከሥሩ ገጠመች። አየሩ ሲለቀቅ ኳሷ ከመቀመጫዋ የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ አለች። በጣቷ ነካ ስታደርጋት ያለ አንዳች ድምፅ ዞረች።

ዞራም ተንገዳገደች።

የጸጥ አርጊው ፊት ጠቆረ። መዳፏን አስጠጋች። አንዱ እርሳስ ከወገቧ በላይ፣ ሌላው በተቃራኒው ከወገቧ በታች። ያቺው ቆማ የማትታወቀው በሽታ! «ልጄ እርሳሱን በዘፈቀደ ለጥፋዋለች» ብላ አሰበች፤ አዘነችላትም። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየች ትናንሽ የእርሳስ ክቦች ኳሷ ገጽ ላይ ቀበረች፣ ሞረደች፣ ለካች፣ እንደገና ሞረደች፤ ከላይ በሰማያዊ ቀለም ደፈነችው።

«ልጅሽ ግማሾቹን ስትሰጠኝ ትንገዳገድ ብላ የለም እንዴ?» አለ ብልጭታ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ደንበኛ ሁሉ እንደዚያ ይላል። አቅማችንን ስለማያውቅ ነው።»

«እሷ እኮ ደንበኛ አይደለችም፤ ልጅሽ ናት።»

«ለዚያ አይደል በደንብ የምሠራላት!» አለችና ከኳሷ ሥር፣ ደቡብ ዋልታው አጠገብ፣ ሦስት ነጥቧን መታች።

ኮሚቴው በሚመጣበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ኳሷን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ትምህርት ቤት ወሰደች። ባዶዋ ክፍል ሰፊ መስኮትና የተላጠ ግድግዳ አላት። ወለሉ ላይ ልጅቷ በጠመኔ ትልቅ የተጠማዘዘ መስመር ሥላ ስለነበር ጸጥ አርጊው ዳር ዳሩን ይዛ አለፈች። ዳይሬክተሯ ክንዷን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከአርብ በፊት ዓይኗን ማሳረፍ ፈልጋለች።

ልጅቷ ትንንሽ ነጭ ወረቀቶች በቀይዋ ነጥብ ዙሪያ ለጠፈችና ኳሷን አዞረች። ነጮቹ ወረቀቶች ክብ ክብ ሆኑ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ እንደ ውሃ ላይ ቀለበት። በመሃላቸው ቀይዋ ነጥብ ተቀምጣለች።

ሦስቱም ጠበቁ። ቀይዋ ነጥብ ፍንክች አላለችም። ሚስማር የመቷት ይመስል ቁጭ አለች።

«ቆንጆ ኳስ ናት» አለች ዳይሬክተሯ በመጨረሻ። «ግን ምን አየሁ? የሱቁም ሉል ይዞራል።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ምን አደረግሻት?»

«ሚዛኗን ጠበቅኩላት። ምን የመሰለች አድርጌ…»

«ትንገዳገድ አላልኩሽም?»

«ብለሻል… መሰለኝ።»

«መሰለኝ!»

ዳይሬክተሯ ሳቋን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ግን ፊቷን አስተካክላ «አርብ ድረስ ጊዜ አላችሁ። ወንበሮቹም ቢሆኑ ውጭ ዝናብ እየመታቸው ነው» ብላ ወጣች። ተረከዟ ኮሪደሩን ሙሉ ተሰማ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቷ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አኩርፋለች። ጸጥ አርጊው ወለሉን አየች።

«ይሄ የምን መስመር ነው?»

«ዋልታው ነው።»

«የትኛው ዋልታ?»

«የእውነቱ። በልኩ ነው የሣልኩት።» ከደፉ ወረደች፤ ስለ ሥራዋ ስታወራ ኩርፊያ አይዘልቅላትም። «ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች አንድ ቦታ ቆመው ያንኑ ኮከብ እየደጋገሙ ለኩ። ከፍታው ትንሽ እየተቀየረ አስቸገራቸው። ኮከቡ አይደለም የሄደው፤ የቆሙበት መሬት ነው ከዘንጉ አንጻር ፈቀቅ የሚለው። ዋልታው እንዲህ እንዲህ እያለ ክብ ይሠራል፤ ዙሩን የሚጨርሰው ከዓመት በለጥ ባለ ጊዜ ነው። አንዳንዴ ክቡ ይጠብና ይቺ ክፍል ትበቃዋለች፤ ሲሰፋ አዳራሹን ያህላል። ተማሪዎቼን እዚህ መስመር ላይ ላስኬዳቸው ነበር። በእግራቸው።»

ጸጥ አርጊው መስመሩ ላይ ቆመች፤ ጫማዋን ከጠመኔው አጠገብ አድርጋ ዞረችው። ምድርን የሚያህል ጉድ፣ የሚንገዳገደው ግን በአንዲት ክፍል ልክ! በእሷ ሙያ ቢፈረድ ግሩም ሥራ ነው።

«ክቡ ብቻ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ክቡ ራሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። መለካት ከተጀመረ ወዲህ አሥር ሜትር ያህል ሄዷል። በረዶ ይቀልጣል፣ ውሃው ወደ ባሕር ይገባል፣ ክብደት ቦታ ይቀይራል። ከጉድጓድ የምንስበው ውሃም አለበት። ከመሬት ሥር ይወጣል፣ ይጠጣል፣ ማሳ ይጠጣዋል፣ መጨረሻው ባሕር ነው። እሱ ብቻውን ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ዋልታውን አንድ ሜትር ለጥቂት የማይሞላ ገፍቶታል ብለው ያሰሉ አሉ።»

«ከጉድጓድ የምንስበው?»

«አዎ።»

«በፓምፕ?»

«በምን ታዲያ?»

እናት መዳፏን አየች። ስንት ጉድጓድ ላይ የሚዞር ፓምፕ በዚህች መዳፍ አልፏል! ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ለእሷ የመጣላት ግን ሌላ ሐሳብ ነው። «እንግዲህ ሁሉም የየድርሻውን ገፍቷል ማለት ነው» አለች። ከዚያ ከኳሷ ፊት ተቀመጠችና ቀይዋን ነጥብ አፍጥጣ አየቻት።

«እርሳሶቹን እንዳወጣልሽ ትፈልጊያለሽ? ያስገባኋቸውን ማለቴ ነው።»

«ከተቻለ።»

«ይቻላል። ግን አላወጣቸውም።»

«እማዬ!»

«አትጩኺብኝ፣ ስሚኝ። ያንቺ ኳስ ገና ከመጀመሪያው ትንገዳገዳለች አይደል? ሰው ሲያያት ምን ይላል? ‹ይቺ ነገር አጉል ተሠርታለች› ነው የሚለው። ጠማማ ሆና የተወለደችን ነገር ጠመመች ብትዪ ማን ያምንሻል? መጀመሪያ ጸጥ ብላ ይዩአት። ከዚያ ዓይናቸው እያየ ክብደቱን ከቦታው እናንሳ። ያን ጊዜ ማን እንዳንቀሳቀሳት ያውቃሉ።»

ልጅቷ ወደ ኳሷ ተጠጋች። «ዓይናቸው እያየ ማንሳት ይቻላል?»

«አሁን ነው ደንበኛ የሆንሽው» አለች እናት፣ ኳሷን መልሳ በብርድ ልብሱ እየጠቀለለች።

ረቡዕ ጠዋት ብልጭታ ኳሷ ተመልሳ ስትገባ ሲያይ መበየጃውን አጠፋ። ሳይቸኩል ወደ መንጠቆዎቹ ሄደና ጃንጥላውን በሁለት ጣቱ አነሳ።

«ቦታ ልልቀቅላት?»

«መልሰህ ስቀል!»

«ተመላሽ አይደለችም እንዴ?»

«የተመለሰችው ስላልተንቀጠቀጠች ነው።»

ብልጭታ ኳሷን ዞሮ አያት። «ለእንደዚህ ዓይነት ተመላሽ መንጠቆ የለንም» አለና ጃንጥላውን መለሰው። ቀኑን ሙሉ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ስለ ጉድጓዱ ውሃ ስትነግረው ደግሞ ባሰበት። «ወይ ጉድ! ሰፈሩን ሁሉ ጸጥ ስታሰኝ ኖራ ለካ ምድርን የምታነቃንቀው እሷ ናት! ይሄን ነገር ማን ያምናል?»

«አንተስ የጉድጓዱን ቱቦ የበየድከው ማን ሆነህ ነው?»

«እኔማ ታዝዤ ነው።»

እየተራረቡ ሠሩ። ጸጥ አርጊው የኳሷ ወገብ ላይ ትይዩ ሁለት ቀዳዳዎች በስታ ጥርስ አወጣችላቸው፤ እኩል የሆኑ ሁለት የናስ ብሎኖች ገጠመችባቸው። ከዚያ ሌላ ሁለት ቀዳዳ፤ አንዱ ከወገቡ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ሌላው በተቃራኒው ገጽ ወደ ታች ዝቅ ብሎ። ብሎኖቹ ወገብ ላይ ሲሆኑ ኳሷ ጸጥ ትላለች። ሁለቱን ወደ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ሲያዛውሯቸው መሃሏን አትስትም፤ ትይዩ ናቸውና ወደ አንድ ጎን አትወድቅም፤ የምትዞርበት ዘንግ ግን ከቀይዋ ነጥብ ይርቃል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታድን የኖረችውን በሽታ አሁን በልክ አስልታ አስገባች። እጇ አንድ ሁለቴ እምቢ አላት። ሐሙስ ማታ ቱታዋን ስታወልቅ «ይሄስ ይቅርታ የለውም» ስትል ብልጭታ ሰማ፤ እየሳቀች ነበር።

አርብ ክፍሏ ሞላች። የኮሚቴው ወላጆች በደህናዎቹ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል፤ ዳይሬክተሯ መሃል ላይ ናት። ኮምፕረሰሩ ስለሚጮህ ጸጥ አርጊው ኮሪደሩ ጫፍ አስቀምጣ ቱቦውን በበሩ ሥር አስገብታዋለች። ራሷ በታጠበ ቱታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ባሏም መጥቷል፤ የትኬት ቆራጭ ይመስል ገቢውን ሁሉ ቦታ ቦታ ሲያሲይዝ ነበር።

ልጅቷ ኳሷን አዞረች። ጠንከር አድርጋ ስለገፋቻት ኳሷ የመቀመጫዋን ጠርዝ ነካችና ሲጥ ብላ ቆመች። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አትግፊያት» አለች እናት ከግድግዳው ሥር፣ ፓምፕ ፊት ያለች ይመስል። «ለቀቅ አድርጊና በጣትሽ ዳስሻት።»

ልጅቷ ተነፈሰች። ዳሰሰቻት። ኳሷ ዞረች፤ ነጮቹ ወረቀቶች ቀለበት ሆኑ፤ ቀይዋ ነጥብ በመሃል እንደተቀመጠች ቀረች። አንዲት ወላጅ «እዩዋት ጸጥ ስትል» ብላ አንሾካሾከች። ጸጥ አርጊው ይህቺን ሰምታ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ይሄ ሁላችንም የምናስባት ምድር ናት» አለች ልጅቷ። «ዋልታዋ የተቸነከረ። አሁን ደግሞ እንደ እውነቱ እናድርጋት። ማን ይረዳኛል?»

ከፊት የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ተነሳ። በነገረችው መሠረት ኳሷን አቁሞ አንዱን ብሎን ከወገቡ ፈታ፤ «ከጉድጓድ» አለች ልጅቷ፤ ወደ ላይኛው ቀዳዳ አጠበቀው፤ «ወደ ባሕር»። መንታውንም በተቃራኒው አዛወረ። «የዚያኛው ሥራ ኳሷ ከመቀመጫዋ እንዳትንሸራተት መጠበቅ ነው። ምድር መቀመጫ ስለሌላት አያስፈልጋትም» ብላ አብራራች፤ መደበቅ አልወደደችም። ከዚያ እንደገና ቀይዋን ነጥብ መሃል አድርጋ ዳሰሰቻት።

ቀይዋ ነጥብ ለአፍታ ነጥብ ሆና ቆየች። ከዚያ ተከፈተች። ነጥቧ ቀለበት ሆነች፤ ቀጭን ቀይ ቀለበት፤ የማይንቀሳቀሰው ቦታ ደግሞ ከእሷ ሸሽቶ፣ በሰማያዊው ቀለም ላይ፣ ምንም ምልክት የሌለበት ቦታ ሄዶ አረፈ። እዚያም አልጸና፤ ቀስ እያለ ትንሽ ክብ ይዞር ጀመር። ልጅቷ በጣቷ ወለሉን አመለከተች። ሁሉም ጎንበስ ብለው እግራቸው ሥር ያለውን የጠመኔ መስመር አዩ፤ አንዱ ወላጅ ሳያስበው እግሩን አነሳ።

«የእውነቱ ይሄን ያህል ነው?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ይሄን ያህል ነው። የተቀመጡበት ወንበር ሥር ሁሉ ያልፋል።»

«ታዲያ ቤታችንን አያፈርስም?» አለ ልብስ ሰፊው።

«አያፈርስም፤ አይሰማንምም። ግን ሳተላይት የሚመራ ሰው፣ በስልክህ ላይ መንገድ የሚያሳይህ ሰው፣ ዋልታው ዛሬ የት እንዳለ ካላወቀ ቦታውን ይስታል። ለዚያ ነው በየቀኑ የሚለኩት።»

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። «የአንገቱ መሃል ጥቂት ከሳተ ኮቱ በሙሉ ይጣመማል» አለ፤ ገብቶታል።

ዳይሬክተሯ ተነስታ ኳሷን ጎንበስ ብላ አየች፤ ከሥሯ ያሉትን ሦስት ነጥቦች በጣቷ ነካች። «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» ብላ ወደ ጸጥ አርጊው ዞረች። «ማክሰኞም አይቻቸው ሳልጠይቅዎት ቀረሁ።»

«የእኔ ምልክት ነው። ጸጥ ብላለች ማለት ነው።»

«እየተንገዳገደች?»

«ብሎኖቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱና ይሞክሯት። ክብደት ከቦታው የሚያነሳ ሰው ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሯም ሳቀች፤ ከዚያ የኮሚቴውን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማንም አልተቃወመም። ወደ ልጅቷ ዞራ «ክፍሏን ወስደሽብኛል» አለች። «ለወንበሮቹ ቦታ የምትፈልጊው ግን አንቺ ነሽ።»

«ብልጭታ የሚባል ሰው አለ» አለች ጸጥ አርጊው ከግድግዳው ሥር። «እግራቸውን ይበይድልዎታል። ያኔ ማስቀመጫ ሳይሆን መቀመጫ ይሆናሉ።» አርብ ዕለት በሥራ ሰበብ የቀረውን ብልጭታን ሳያማክሩ ሥራ ማሸከም ደስ የሚል ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ጸጥ አርጊው የግቢውን በር ስትገባ ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መስሎ ነበር፤ ከወትሮው በላይ። ጃንጥላዋን ልትሰቅል ቀና ስትል መንጠቆዋ ባዶ አይደለም። ከላሜራ የተቆረጠ ክብ ተሰቅሎበታል፤ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ አናቱ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ከሥሩ በጠመኔ «ምድር። ተመላሽ። ትንቀጠቀጣለች» ተብሎ ተጽፏል።

ብልጭታ ጀርባውን ሰጥቶ ያልተሰበረ ነገር ይበይዳል። ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል።

ጸጥ አርጊው ላሜራውን አወረደች። አገላብጣ አየችው። በመዳፏ ላይ አስቀምጣ ክብደቱን ለካች፤ በጥፍሯ ጠርዙን ዳሰሰች። ከዚያ መልሳ ሰቀለችውና ጃንጥላዋን ከላዩ አንጠለጠለችበት።

«ይቺን እኔ አልሠራኋትም» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ሦስት ነጥብ አለባት? የለባትም። ከሠሪዋ ጋ ተነጋገሩ።»

«ጸጥ አርጊው!» አለ ከበሩ አንድ ሰው። በጋሪ ላይ አንድ ሐሙስ የቀረው የሚመስል ፓምፕ ይዞ እየገባ ነው። «ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የወጣው። ሰፈሩ ውሃ አጥቷል። ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፣ ብቻ ቶሎ…»

እሷ ግን የመጨረሻዋን አልሰማችም። መዳፏን ፓምፑ ላይ አሳርፋ ነበር።